ጌታሁን በረዶ ላይ ምን ሊነግረኝ ነው?

እኔ ሰው በነጻ ሲስቅልኝ ኪሴን የምዳስስ ሰው ነኝ። ይሄ ጠባይ ከእናቴ ወገን ይምጣ ከሹፌርነት ሥራዬ እርግጠኛ አይደለሁም። ዴንቨር ውስጥ የማያውቀውን ሰው ከኋላው ጭኖ ሲነዳ የኖረ ሰው ማጅራቱ ላይ ዓይን ያበቅላል። ሚስቴ ሰናይት «አንተ እኮ ደግ ሰው ነህ ብትባል እንኳ ‹ማን አለ? ለምን አለ?› ትላለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ለምን አለች?

እንግዲህ በዚህ በጥር ብርድ ጓደኛዬ ጌታሁን ደውሎ «ቅዳሜ ዓሣ እናጥምድ» ሲለኝ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ስሙን እንደገና ማንበብ ነው።

«የምን ዓሣ? ሐይቁ እኮ በረዶ ሆኗል።»

«እሱ ነው ደስ የሚለው! በረዶው ላይ ቁጭ ብለን፣ ቀዳዳ በስተን ነው የምናጠምደው።»

«ዓሣ ሱቅ ውስጥ ጸድቶ ተቀምጦልን እኛ በረዶ ላይ የምንቀመጠው ለምንድን ነው?»

«እናወራለን» አለኝ።

«አሁን እያወራን አይደለም እንዴ?»

«በአካል ይሻላል።»

በቃ፣ ጆሮዬ ቆመ። እዚህ አገር የኖረ ሐበሻ «በአካል ይሻላል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ደዋዩ ኢንሹራንስ መሸጥ ጀምሯል። ዘመድ ወዳጁን አንድ በአንድ አሰብኩ። ሁሉም ደህና ነው። ኢንሹራንስ ነው!

ጌታሁንን ላስተዋውቃችሁ። ዴንቨር አጠገብ አውሮራ እንደመጣን አንድ አፓርታማ ውስጥ ኖረን፣ አንድ የክረምት ጃኬት በፈረቃ ለብሰናል። ሚስቱ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እንግልውድ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራል፣ ቶርንተን ይኖራል። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። በሃይማኖት ተጣልተን አናውቅም። እሱ በድብቅ እንደሚጸልይልኝ አውቃለሁ፤ እኔም በድብቅ እንደማዝንለት ያውቃል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ነገረ ሥራው አላማረኝም። በሬን ያንኳኳና «በዚህ ሳልፍ ነው» ይላል። ቶርንተን በስተሰሜን ነው፤ እንግልውድ በስተምዕራብ ነው፤ እኔ የምኖረው አውሮራ ምሥራቅ ጫፍ ነው። በእኔ ቤት በኩል የሚያልፈው ወደ ካንሳስ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ሽንኩርት ልገዛ መጥቼ» ይላል። ቶርንተን ሽንኩርት የለም? እንዲህ ብዬ ስጠይቀው እህቴ ምሕረት ትቆጣኛለች። «እንግዳ እንዲህ አይባልም!» ትልና ሻይ ልታፈላለት ትነሳለች። ምሕረት ታናሼ ናት። እናታችን ካረፈች በኋላ መጥታ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ልጆቼን አብራ ያሳደገች፣ ቤቱን ቤት ያደረገች ሴት ናት። ከሰው ክፉ አትጠብቅም። እኔም «ይቺ ልጅ እኔ ባልጠብቃት ምን ትሆን ነበር!» እያልኩ አዝንላት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጌታሁን መጣ። መኪናውን ጋራዤ ፊት ፓርክ አደረገ፣ የኋላውን በር ከፈተና ወፍራም ቡት ጫማ አውጥቶ «ይሄ ያንተ ነው» አለኝ። አጠለቅኩት። ልክ ነው። ደግሞ እንዲያው ልክ ብቻ አይደለም፤ ግራ እግሬ ከቀኙ ትንሽ ስለሚያንስ ከግራው ጫማ ውስጥ ተጨማሪ ሶል ገብቶበታል። ይህን ነገር ከቤቴ ሰው በስተቀር የሚያውቅ የለም።

«ቁጥሬን በምን አወቅክ?»

«ገመትኩ።»

ሰው የጓደኛውን ዕድሜ ይገምታል። ደሞዙንም ይገምታል። ግራ እግሩን ይገምታል?

ምሕረት በመስኮት እጇን አወዛወዘችልን። እኔም አወዛወዝኩላት። መኪና ውስጥ ስገባ ጌታሁንም የራሱን እጅ ሲያወርድ አየሁት።

መንገዱን ሙሉ ዝም አለ። መዝሙር እንኳ አልከፈተም። እኔ በእሱ መኪና ውስጥ ያለ መዝሙር ሄጄ አላውቅም፤ ዝምታው አስፈራኝና ቀድሜ በሩን ልዝጋበት አልኩ።

«ጌታሁን፣ እኔ ኢንሹራንስ አለኝ።»

«ጥሩ ነው።»

«የቤትም፣ የመኪናም፣ የሕይወትም አለኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለና መንገዱን ማየቱን ቀጠለ።

ይሄ ሰው የሚሸጥልኝ ነገር የለውም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ይባስ ጨነቀኝ። የሚሸጥ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል።

ሐይቁ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ብቻ ሐይቅ አልኩ እንጂ ነጭ ሜዳ ነው። እዚህም እዚያም ሰዎች የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ቀለበት እንደጣለ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ቀዳዳ ያያሉ። ፀሐይዋ የኮሎራዶ ፀሐይ ናት፤ ዓይን ታጠፋለች እንጂ አታሞቅም። ጌታሁን ዕቃውን በፕላስቲክ መጎተቻ ጭኖ እየጎተተ ቀጥ ብሎ ገባ። እኔ ዳር ላይ ቆምኩ። አንድ እግሬን ሳሳርፍ ከታች የሆነ ነገር «ዱዉዉዉ» ብሎ እስከ ማዶ አስተጋባ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«በረዶው ነው። ሲጠና ይጮኻል።»

«ሲሰበርስ?»

«ሲሰበርም ይጮኻል።»

«ታዲያ ልዩነቱ በምን ይታወቃል?»

ቆም ብሎ አሰበ። «በኋላ ነው የሚታወቀው» አለኝ።

እንደ ዳክዬ እየተራመድኩ ተከተልኩት። መሐል ላይ ሲደርስ ቆመና ትንሽ ቀይ ድንኳን መዘርጋት ጀመረ። በእኛ አገር ደንብ ድንኳን የሚተከለው ወይ ለለቅሶ ወይ ለሠርግ ነው። ሐይቁ እንደገና አገሳ። እኔ ለቅሶውን ገመትኩ።

ከእኛ ፈንጠር ብለው ነጭ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ አሜሪካዊ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጌታሁንን ሲያዩ «ዛሬ ደግሞ ሰው ይዘህ መጣህ!» አሉት። እሱ የቀረውን ዕቃ ሊያመጣ ወደ መኪናው ሲመለስ ግን በእጃቸው ጠቀሱኝ።

«ጓደኛህ ደህና ሰው ነው?» አሉኝ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው።

ይህን ጥያቄ ሰው እንዲጠይቀኝ ስንት ጊዜ ስመኝ ነበር! «ለምን ጠየቁኝ?» አልኳቸው ጠጋ ብዬ።

«ክረምቱን ሙሉ ብቻውን ይመጣል። ዓሣ አይይዝም። ኮፍያውን ያወልቅና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለቀዳዳው ንግግር ያደርጋል። በማላውቀው ቋንቋ ነው። ይሳሳታል መሰለኝ፣ ያቆምና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።»

ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ኢንሹራንስ አይደለም፤ ስብከት ነው! ሰውየው በእኔ ላይ ሊሰብክ ክረምቱን ሙሉ በዓሣ ላይ ሲለማመድ ከርሟል። እና ለምን ውሃ ያለበት ቦታ መረጠ? ራሳችሁ መልሱት።

ጌታሁን ተመልሶ ከድንኳኑ ደጅ በረዶ መሰርሰሪያውን አስነሳ። ቀዳዳው ሲወጣ አጎንብሼ በዓይኔ ለካሁት። የድስት ክዳን ቢያክል ነው። ትከሻዬ አይገባም። ተመስገን አልኩ። እሱ ግን ሁለተኛ ቀዳዳ ከአጠገቡ ሰረሰረ። ከዚያ ሦስተኛ። ሊያገናኛቸው ነው? ለዚያውም ሦስት!

«ሦስት ምን ያደርጋል?»

«ዓሣው በየትኛው እንደሚመጣ አይታወቅም።»

«ጌታሁን፣ እኔ በአርባ ቀኔ ተጠምቄያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ጨርሻለሁ ማለቴ ነው።»

«ጥሩ» አለና መንጠቆው ላይ ትል መሰካት ጀመረ። እኔ ማተቤን ከአንገት ልብሴ ስር አውጥቼ ከጃኬቱ በላይ አደረግኩት። ለማንኛውም ይታይ።

የምናጠምደውን ዓሣ ፓንፊሽ ይሉታል። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ መጥበሻ ውስጥ ሙሉውን የሚገባ መዳፍ የሚያክል ዓሣ ነው። ዘንጉም የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ክሩን ወደ ቀዳዳው ትለቃለህ፣ ጫፉን በቀስታ ከፍ ዝቅ ታደርጋለህ፣ ትጠብቃለህ። በቃ። እኔ በአንድ ዓይኔ ክሩን፣ በሌላው ጌታሁንን እጠብቃለሁ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። 

ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳልኝ። ቀመስኩት፤ ስኳር የለውም። ስኳር ሐኪም የከለከለኝ በቅርቡ ነው፤ ለጓደኛ አልተናገርኩም።

«ስኳር እንደተውኩ ማን ነገረህ?»

«ረስቼው ነው የመጣሁት።»

ይሄ ሰው ቤቴ ውስጥ ሰላይ አለው! ማን ይሆን? ትልቁን ልጄን ጠረጠርኩ፤ እሱ ግን አማርኛ ሲጠየቅ በእንግሊዝኛ «አይ ዶንት ኖ» ከማለት በቀር ምንም አይወጣውም፤ ለሰላይነት አይሆንም። በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁ ጌታሁን ከኪሱ በፕላስቲክ የታሰረ ዳቦ ቆሎ አውጥቶ ሰጠኝ። አንዷን ወረወርኳት ወደ አፌ። ነከስኳት። ከዚያ መንጋጋዬ ቀጥ አለ።

ዳቦ ቆሎ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው እህት የለውም። ምሕረት ትዕግሥት ስለሌላት ሊጡን አታሳንሰውም፤ አውራ ጣት ታሳክለዋለች። ጥቁር አዝሙድ ታበዛለች። ደግሞ አንድ ጎኑን ሁልጊዜ ታሳርረዋለች። ይህን ያህል በአንድ ጊዜ የተሳሳተ ዳቦ ቆሎ የምትሠራ ሴት በምድር ላይ አንዲት ብቻ ናት።

«ይሄ የኔ ቤት ዳቦ ቆሎ ነው!»

ጌታሁን ቀና አለ።

«ሻይ ልትጠጣ እየመጣህ ጓዳዬን ትመዘብራለህ?»

«አልወሰድኩም። ተሰጥቶኝ ነው።»

«ማን ሰጠህ?»

ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሽማግሌው ማዶ ሆነው ባልዲያቸውን ወደኛ አዞሩ።

«ወንድሜ» አለ ጌታሁን፣ ድምፁ ከሐይቁ ይልቅ እየተሰነጠቀ፣ «በአንድ ጃኬት ክረምቱን ያሳለፍን፣ ክፉና ደጉን አብረን ያየን...»

«ያውልህ! ስብከቱ መጣ!»

«ስብከት አይደለም! አስጨርሰኝ! ስንት ቀን...»

በዚህ መሐል ዘንጌ ጎንበስ አለ። ዓሣ! ከአዋቂነቴ ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ደስታ አላውቅም፤ ክሩን በሁለት እጄ ሳብኩት። ሆዱ ብርቱካን የመሰለ ትንሽ ዓሣ ተስፈንጥሮ ወጣና በሁለታችን መካከል በረዶው ላይ መዝለል ጀመረ።

«ጌታሁን፣ ያዝኩ! ያዝኩ!»

«ተወው ዓሣውን!» ብሎ ጮኸ። «ምሕረትን ላገባት እፈልጋለሁ!»

ዓሣው ዘለለ። እኔ ዓሣውን አየሁ። ዓሣውም እኔን ያየኝ መሰለኝ።

«የትኛዋን ምሕረት?» አልኩ። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ሰናይት ለእንግዳ ሁሉ ታወራለች።

«እህትህን ነዋ!»

ደሜ ፈላ። «ሰው እህት የሚጠይቀው በሽማግሌ ነው፣ በትል አይደለም! ለዚህ ነው እዚህ ያመጣኸኝ?»

«ቤትህ ብነግርህ ታስወጣኛለህ። መኪና ውስጥ ብነግርህ ትወርዳለህ። እዚህ ግን ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ አንተ ደግሞ በረዶ ላይ መሄድ ትፈራለህ።»

«እንደምሄድ አሳይሃለሁ!» አልኩና ዞሬ በቁጣ አንድ ትልቅ እርምጃ ተራመድኩ።

ሦስተኛውን ቀዳዳ ረስቼው ነበር።

እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። ውሃው እንደ ብርድ አይደለም፤ እንደ እሳት ነው የሚያቃጥለው። የጮህኩትን ጩኸት አልደግመውም፤ ሐይቁ ራሱ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ጌታሁን በሆዱ ተኝቶ እየተሳበ መጣና ብብቴ ስር ያዘኝ። ሽማግሌው ደርሰው ከኋላ ቀበቶዬን ጎተቱ። እግሬ ወጣ። ቡት ጫማው ግን ውስጥ ቀረ፤ ከነሶሉ ወደ ታች ሲወርድ አየሁት።

ጌታሁን ድንኳኑ ውስጥ አስገባኝ። ካልሲዬን ገፍፎ፣ እግሬን አድርቆ፣ ጃኬቱን ከፈተና ሸሚዙን ገልቦ የበረደ እግሬን ባዶ ሆዱ ላይ ለጠፈው። «ኡፍ!» አለ፤ ግን አላወጣውም። በሥራው አረጋውያንን ማገላበጥ የለመደ ሰው ስለሆነ እጁ ያውቅበታል። ቀድሞ ያወለቀውን ኮፍያም ጣቶቼ ላይ አለበሰልኝ።

እንግዲህ እግራችሁ ሆዱ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይቆጡታል?

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት ጣሪያውን እያየሁ።

«ጉልበቷን ሲያማት ሐኪም ቤት ያመላለስኳት ጊዜ። አንተ ሥራ ነበርክ።»

«ማን ላከህ?»

«አንተ ነህ የላክኸኝ። ‹ከሰው ሁሉ አንተን ነው የማምነው› አልከኝ።»

ብያለሁ። በዕድሜዬ አንድ ሰው አመንኩ፣ ይኸው።

«ሰናይት ታውቃለች?»

«ጫማውን አብረን ነው የገዛነው።»

«ልጆቹስ?»

አንገቱን ደፍቶ እግሬን ማሸት ቀጠለ። ውሻ ቢኖረን ውሻውም ያውቅ ነበር ማለት ነው። የጎረቤቱን ቆሻሻ መጣያ ሳይቀር የምጠረጥር ሰውዬ፣ በገዛ ሳሎኔ ውስጥ ሻይ ሲጠጣ የከረመውን ነገር አላየሁም!

«ቤተ ክርስቲያኑስ ጌታሁን? ቀልድ አይደለም።»

«ቀልድ አይደለም» አለ። «አልቅሰንበታል። እሷ የኔን አትመጣም፣ እኔም የእሷን አልገባም። ስንጋባ እሁድ አድርሻት ወደኔው እሄዳለሁ፣ የኔ ሲያልቅ መጥቼ እወስዳታለሁ። የእናንተ ስለሚረዝም ደጅ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘንም። እሷ ግን አንድ ነገር ብላኛለች። ‹ወንድሜ ከልቡ እሺ ካላለ አልሄድም፤ ደግመህም አትጠይቀኝ› ብላኛለች።»

ከሥራ ደክሜ ስገባ «መጣህ?» የሚለው ድምፅ ትዝ አለኝ። እኔ እሷን የምጠብቃት ይመስለኝ ነበር፤ ያቺ ሴት ግን ስንት ጊዜ ነው እኔን በር ላይ የጠበቀችኝ? ቁጣዬን ገልበጥ አድርጌ ሳየው ከስሩ ሌላ ነገር ሳይሆን ፍርሃት ነበር። ጎበዝ፣ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንብኝ ነው የፈራሁት።

«ቶርንተን ሩቅ ነው» አልኩ።

«አውሮራ ቤት እያየሁ ነው። ከናንተ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ።»

«ለምን ሁለት? አንድ መንገድ ላይ ቤት ጠፋ?»

የጌታሁን ሆድ እግሬ ስር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ግን ቀና ብዬ አላየሁትም።

«ለማንኛውም ደንብ ደንብ ነው፤ ሽማግሌ ላክ» አልኩት።

«ሁሉንም ለምኛለሁ! ‹እሱ ጥያቄ ያበዛል› እያሉ እምቢ አሉኝ!»

በዚህ ጊዜ ባለነጭ ጺሙ ሽማግሌ የድንኳኑን በር ገልጠው እግሬ ደህና እንደሆነ ጠየቁ። ጌታሁን በእንግሊዝኛ ነገሩን ነገራቸው፦ እህቱን ጠይቄው ነው፣ በባህላችን ትልቅ ሰው ምስክር መሆን አለበት፣ አላቸው። ሽማግሌው ባልዲያቸውን አስገብተው ተቀመጡ። ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «እኔ ይሄን ሰው ክረምቱን ሙሉ አይቼዋለሁ» አሉ። «ዓሣ ማጥመድ አይችልም። አንድም አልያዘም። ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።»

ስንት ሽምግልና ተቀምጫለሁ፤ ዘር የሚቆጥር፣ ሥራ የሚዘረዝር፣ ግጥም የሚደረድር ሰምቻለሁ። እንዲህ ዓይነት ምስክርነት ግን ሰምቼ አላውቅም። የምጠይቀው ጥያቄ ፈለግኩ። አጣሁ።

ወደ መኪናው የተመለስኩት በዕቃ መጎተቻው ላይ ተጭኜ ነው፤ ዓሣዬን ታቅፌ፣ እንደ ጤፍ ኩንታል እየተጎተትኩ። ያለፍናቸው አጥማጆች ባልዲያቸው ላይ ሆነው አጨበጨቡልኝ። አንዱ ፎቶ አነሳ፤ ለምን እንዳነሳው እስካሁን እያጣራሁ ነው።

ቤት ስንደርስ ጌታሁን ደግፎኝ በሩ ጋ ቆምን። እኔ አንድ እግሬ በቡት ጫማ፣ አንዱ በሱፍ ኮፍያ፣ ሱሪዬ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ የሚንኳኳ፣ ጥርሴ የሚገጫገጭ ሰው ነኝ። እሱ ደህና ነው፤ ፀጉሩ ብቻ በነፋስ ቆሟል። ምሕረት በሩን ከፈተች። ከኋላዋ ሰናይት አንገቷን አስግጋለች። ምሕረት ከላይ እስከ ታች አየችን። ከዚያ ፊቷ ክፉኛ ደነገጠ፤ እጇን ዘረጋች፤ እጇም እኔን አልፎ ሄደ።

«ጌቱ!» አለች። «በረደህ?»